አውሮፓን ለተራው ሰው የከፈተው አናጢ

ፓሪስ ኤይፍል ማማ ሥር፣ ሮም ኮሎሲየም ደጃፍ ወይም ለንደን ቢግ ቤን አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። አንዲት አስጎብኚ የታጠፈ ጃንጥላ ወይም ትንሽ ባንዲራ ሽቅብ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ ሠላሳ አርባ ሰው ደግሞ እንዳይጠፋ አንገቱን እያሰገገ ይከተላታል። የአልጋው፣ የምግቡ፣ የአውቶቡሱና የመግቢያው ሒሳብ ገና ከአገር ሳይወጡ ተከፍሏል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሙዚየም፣ ስድስት ሰዓት ካቴድራል፣ ስምንት ሰዓት ምሳ፣ ከዚያ ወንዝ ላይ በጀልባ። ካርታ ይዘው ብቻቸውን የሚዞሩት ጎብኚዎች እንዲህ ያለውን መንጋ ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፤ በሆዳቸው ትንሽም ይንቁታል። ንቀቱ ግን አዲስ አይደለም፤ ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቡድኑ በተፈጠረ ማግስት አብሮት የተወለደ ነው።

የዚህ ነገር አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ሰው ንጉሥ ወይም ባለ ባንክ አልነበረም። በአሥር ዓመቱ ትምህርት ቤት ያቋረጠ፣ መጠጥ በአፉ የማያዞር፣ እንጨት እየላገ የሚሰብክ የገጠር እንግሊዛዊ ነበር። ስሙ ቶማስ ኩክ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኩክ በፊት የአውሮፓን ከተሞች ዞሮ ማየት የጌቶች ልጆች ወግ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ መምህርና አሽከር ተመድቦለት ለአንድ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ወደ ፓሪስ፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስና ሮም ይላካል። ፈረንሳይኛውን ያቀላጥፋል፣ ጭፈራና የጎራዴ ጨዋታ ይማራል፣ ሥዕልና ሐውልት ገዝቶ ይመለሳል። ቬኒስን የሚያሳዩት የሠዓሊው የካናሌቶ ሥራዎች ዛሬም በእንግሊዝ የመኳንንት ቤቶች ተሰቅለው የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። የሸማኔው፣ የአናጢው ወይም የመንደር አስተማሪው ልጅ ግን ከተወለደበት ወረዳ ብዙም ሳይርቅ ኖሮ ይሞታል። ሮምን ማየት ቀርቶ የሮም ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የሚያገኝበት ዕድልም ጠባብ ነበር።

ኩክ ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ወገን ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1808 በማዕከላዊ እንግሊዝ፣ በደርቢሽር ግዛት፣ ሜልቦርን በምትባል መንደር ተወለደ። (አውስትራሊያ ያለችው ትልቋ ሜልቦርን የተሰየመችው ማዕረጉ ከዚህችው መንደር በተወሰደው በጠቅላይ ሚኒስትሩ በሎርድ ሜልቦርን ስም ነው።) አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር በአሥር ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአንድ የአትክልት ሥፍራ በቀን አንድ ፔኒ ተቀጠረ። በ14 ዓመቱ አጎቱ ዘንድ ገብቶ የቤት ዕቃ አናጢነት ተማረ፤ ቆየት ብሎም ላፍቦሮ በምትባለው ከተማ የሃይማኖት ጽሑፎች በሚታተሙበት ማተሚያ ቤት ሠራ። እንጨቱና ማተሚያው ሁለቱም በኋላ ጠቅመውታል፤ አንዱ እንጀራ፣ ሌላው ማስታወቂያ ሆኖለታል።

በሃይማኖቱ ባፕቲስት ነበር። በ20 ዓመቱ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘዋዋሪ ሰባኪ አድርጋ ላከችው። በ1829 ብቻ 2,692 ማይል እንደተጓዘ፣ ከዚህም ውስጥ 2,106ቱን በእግሩ እንደሄደ በማስታወሻው መዝግቧል። በእኛ መለኪያ 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ማለት ነው። በኋላ ሰውን በርካሽ ስለማጓጓዝ ሌት ተቀን ያሰበው ሰው የመንገድን ድካም ከወሬ አልሰማውም። ብዙ ሳይቆይ ቤተ ክርስቲያኗ ገንዘብ አጠራትና ደመወዙ ተቋረጠ። ኩክም ማርኬት ሃርቦሮ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ የአናጢ ሱቅ ከፈተ፤ በ1833 ማሪያን ሜሰንን አገባ፤ በ1834 ጆን ሜሰን የሚባል ልጅ ወለዱ። ይህን ልጅ አንባቢ እንዲያስታውሰው ያስፈልጋል፤ ወደ መጨረሻው ተመልሶ ይመጣል።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሠራተኛ ትልቁ መዝናኛ መጠጥ ቤት ነበር። የፋብሪካ ከተሞች ተጨናንቀዋል፣ የከተማው ውኃ ለጤና አያስተማምንም፣ ቢራውና ጂኑ ርካሽ ነው። የሳምንቱ ደመወዝ ቅዳሜ ማታ እዚያው ይቀራል። ይህን ለመዋጋት የተነሳው የፀረ መጠጥ ንቅናቄ ኩክን ሙሉ ለሙሉ ማረከው። መጠጥ ላለመቅመስ ቃል ገባ፤ በራሪ ወረቀት እያተመ ያድል፣ ስብሰባ ይጠራ ጀመር። በአንድ ነገር ግን ከሌሎቹ ሰባኪዎች ይለይ ነበር። ሰውን ከመጠጥ ቤት አውጥተህ ወዴት ትወስደዋለህ የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ይነሳው ነበር። ኩነኔውን ሁሉም ይናገራል፤ ምትኩን የሚያመጣ ግን አልነበረም።

ጁን 9 ቀን 1841 ከማርኬት ሃርቦሮ ወደ ሌስተር ለስብሰባ 24 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሲሄድ ነበር ሐሳቡ የመጣለት። በሌስተር በኩል የሚያልፈው የባቡር መስመር ከተከፈተ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ባቡሩ ለባለሀብቱ ጭነትና ለባለጉዳዩ መሄጃ ብቻ ለምን ይሆናል? የንቅናቄውን አባላት በሙሉ በአንድ ባቡር ጭኖ ወደሌላ ከተማ ስብሰባ ቢወስዳቸውስ? ሌስተር እንደደረሰ ሐሳቡን ለስብሰባው አቀረበ፤ የባቡር ኩባንያውም ተስማማ።

ጁላይ 5 ቀን 1841 አምስት መቶ ያህል ሰዎች ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ተጓዙ። ርቀቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዋጋው ደርሶ መልስ አንድ ሽልንግ ነበር። የተጫኑበት ፉርጎ ጣራ እንኳ አልነበረውም፤ ጭሱና ፍንጣሪው ፊታቸው ላይ ነው። የሙዚቃ ጓድ አብሯቸው ነበር፤ ሕዝቡም በየድልድዩ ላይ ወጥቶ አያቸው። ላፍቦሮ ሲደርሱ በአንድ ሰፊ ግቢ ሻይ ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ ስለ መጠጥ ክፋት ንግግር ሰሙ፣ ማታ ተመለሱ። አብዛኞቹ ባቡር ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

እውነቱን ለመናገር ኩክ የሽርሽር ባቡር በማዘጋጀት የመጀመሪያው ሰው አይደለም፤ ከእሱ በፊት ሌሎች ሞክረውታል። ልዩ የሚያደርገው አለማቆሙ ነው። ለአራት ዓመት ያህል ያለ ትርፍ ለንቅናቄውና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጉዞ አዘጋጀ። በ1845 ለመጀመሪያ ጊዜ ለትርፍ ወደ ሊቨርፑል ሰው ወሰደ። ከጉዞው በፊት መንገዱን ራሱ ሄዶ አየ፣ ሆቴሎቹን መረመረ፣ የሚታዩትን ሥፍራዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳትሞ ለተጓዦቹ አከፋፈለ። ዛሬ ጥቅል ጉዞ የምንለው ነገር አካሉ እዚህ ላይ ተሟላ ማለት ይቻላል። በ1846 ሦስት መቶ ሃምሳ ሰው ይዞ ስኮትላንድ ገባ። ጉዞው ችግር የበዛበት ነበር፤ በባቡሩ ውስጥ መጸዳጃ የለም፣ በየጣቢያው ይቀርባል የተባለው ሻይ አልቀረበም፣ በመርከቡ ላይ ለሁሉም የሚበቃ መኝታ አልተገኘም። በዚያው ዓመት ኩክ ከሰረ። ዳግመኛ ተነስቶ ግን ወደ ስኮትላንድ መመላለሱን ቀጠለ።

ስሙን በአገሩ ያገነነው የ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ነው። በሃይድ ፓርክ ውስጥ ከብረትና ከመስታወት የተሠራውን ክሪስታል ፓላስ ለማየት ስድስት ሚሊዮን ሰው ገብቷል። ኩክና የ17 ዓመት ልጁ ጆን ከዮርክሽርና ከመሐል እንግሊዝ 150 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ወደ ለንደን አመላለሱ። የባቡር ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ሲፎካከሩ የደርሶ መልሱ ዋጋ ከ15 ሽልንግ ወደ አምስት ሽልንግ ወረደ። ጆን በየፋብሪካው ደጃፍ ሙዚቃ እያስነፋ ቲኬት ሸጠ፤ ሠራተኞች በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም የሚያስቀምጡበት እንደ ዕቁብ ያለ ማኅበር ተቋቋመ። መንግሥት ይህ ሁሉ ተራ ሕዝብ ዋና ከተማው ቢገባ ብጥብጥ ይነሳል ብሎ ሰግቶ ነበር። የተሰጋው አልደረሰም። ሕዝቡ ገብቶ፣ በመሣሪያው ተደንቆ፣ ስንቁን በልቶ በሰላም ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ኩክ ባሕሩን አሻግሮ ማየት ጀመረ። በ1855 ፓሪስ በተራዋ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከፈተች። አጭሩን የባሕር መሻገሪያ የያዙት ኩባንያዎች ግን ከኩክ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ አልሆኑም። እሱም ዙሪያውን ሄደ። ከሃሪች ወደብ በመርከብ ወደ አንትወርፕ፣ ከዚያ ብራስልስ፣ ኮሎኝ፣ በራይን ወንዝ ሽቅብ፣ ሃይድልበርግ፣ ባደን ባደን፣ ስትራስቡርግ፣ በመጨረሻ ፓሪስ። ዛሬ አስጎብኚ ድርጅቶች ከሚሸጡት የአውሮፓ ዙር ጋር ሲተያይ መንገዱ ብዙም የተለየ አይደለም።

የሚለየው ያዩት ነገር ነው። የኮሎኝ ካቴድራል ገና አላለቀም ነበር፤ መንታ ማማዎቹ የተፈጸሙት በ1880 ሲሆን፣ የኩክ ተጓዦች ያዩት በግማሽ ማማ ላይ ለዘመናት የቆመ የእንጨት ክሬን ነው። ፓሪስ ሲደርሱ ኤይፍል ማማ የሚባል ነገር የለም፤ ገና 34 ዓመት ይቀረዋል። የኖትር ዳም ካቴድራል እድሳት ላይ ነው። የዛሬዎቹ ሰፋፊ ጎዳናዎች የሚቀደዱበት ጊዜ ስለነበር ከተማዋ በፍርስራሽና በአቧራ ተሸፍናለች። እኛ ጥንታዊት የምንላት ፓሪስ ለእነሱ ግንባታ ላይ ያለች ከተማ ነበረች። በዚህ የመጀመሪያ ጉዞ ኩክ ምንም አላተረፈም፤ እንዲያውም ከሰረበት። በ1861 ከ1,600 በላይ ሠራተኞችን ለበዓል ወደ ፓሪስ ሲወስድም ከኪሱ ጨምሮ ነው። ፓሪስ፣ የወይን ጠጁ አገር፣ በመጠጥ ጠላት አማካይነት ለእንግሊዝ ሠራተኛ መከፈቷ ለብዙዎች የሚያስቅ ነገር ነበር።

በ1862 የስኮትላንድ የባቡር ኩባንያዎች ኩክ ያለማውን ገበያ ራሳቸው ለመያዝ ስለፈለጉ ቲኬት ከለከሉት። ለሌላ ሰው ይህ መጨረሻው ይሆን ነበር። ኩክ ግን በቀጣዩ ዓመት ፊቱን ወደ ስዊዘርላንድ አዞረ። ጁን 1863 በተነሳው የመጀመሪያ የስዊዘርላንድ ቡድን ውስጥ ጄማይማ ሞረል የምትባል የዮርክሽር ሴት ነበረችበት። በጉዞው የጻፈችው ማስታወሻ ጠፍቶ ቆይቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቦምብ በፈረሰ የለንደን ሕንፃ ውስጥ ተገኝቷል። እነዚህ ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት በሚወርድ ሰፊ ቀሚስ የበረዶ ግግር ተሻገሩ፣ በበቅሎ ገደል ወጡ፣ ሪጊ ተራራ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ከሌሊቱ ተነሱ። ለሦስት ሳምንት የወጣባቸው 20 ፓውንድ ያህል ነው። ፈረንሳይ ለእንግሊዛውያን የፓስፖርት ግዴታን ካነሳች ጥቂት ዓመት ሆኗት ስለነበር በድንበር ላይ ብዙ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዛሬ ለሼንገን ቪዛ የባንክ ማስረጃውን፣ የሥራ ደብዳቤውንና የቤት ካርታውን ተሸክሞ ቀጠሮ የሚጠብቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ ቢቀና አይፈረድበትም።

የሴቶቹ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚያ ዘመን አንዲት ያላገባች ሴት ብቻዋን ወደ ውጭ አገር ብትሄድ ስሟ ይጠፋ ነበር። በኩክ ቡድን ውስጥ ስትሆን ግን በአንድ ሃይማኖተኛ ሽማግሌ ጥበቃ ሥር እንዳለች ይቆጠርላታል። አስተማሪዎች፣ የቄስ እህቶች፣ ባል የሞተባቸው ሴቶች እየጎረፉ መጡ። ኩክ በሴቶቹ ብርታት እንደሚደነቅ በሚያሳትመው ጋዜጣ ላይ ደጋግሞ ጽፏል።

በ1864 ጣሊያን ተከተለች። በአልፕስ ሥር የሚያልፈው የሞን ሴኒ የባቡር ዋሻ የተከፈተው በ1871 ስለሆነ፣ ተጓዦቹ ተራራውን የተሻገሩት በፈረስና በበቅሎ በሚጎተት ሠረገላ ነበር። ከዚያ ቱሪን፣ ሚላን፣ ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ኔፕልስ። ለሁለት መቶ ዓመት የመኳንንት ልጆች ብቻ የቆሙበት ቦታ ላይ የሌስተር ባለ ሱቅ ቆመ።

ጩኸቱ የተነሳው ይኼን ጊዜ ነው። ጣሊያን ውስጥ የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል የነበረው ደራሲ ቻርልስ ሊቨር በ1865 በብዕር ስም በአንድ የታወቀ መጽሔት ላይ በኩክ ተጓዦች ላይ የስድብ መዓት አወረደባቸው። እንደ ከብት የሚነዱ፣ የሚያዩትን የማያውቁ፣ የእንግሊዝን ስም የሚያዋርዱ አድርጎ ሳላቸው። ከዚህም አልፎ ለጣሊያኖቹ እነዚህ ሰዎች አውስትራሊያ አልቀበልም ስላለች የእንግሊዝ መንግሥት በየከተማችሁ ሊጥላቸው ያመጣቸው ወንጀለኞች ናቸው የሚል ወሬ እንዳስወራ ጽፏል። ለእሱ ቀልድ ነበር፤ ለኩክ ግን ቀልድ አልሆነለትም። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቤት ቢልም ሰሚ አላገኘም።

ኩክ በጋዜጣው ላይ መልስ ሰጠ። ነገሩ የስድብ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ሊቨር የተቆጣው ተጓዦቹ ስለ ጮኹ ወይም ስለ ቆሸሹ አልነበረም፤ ፍሎረንስ የጨዋ ሰው ርስት ናት፣ ተራው ሰው ምን ቤት ነው የሚል ስሜት ነበረው። ኩክ በበኩሉ ተራራውና ካቴድራሉ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ በላቡ ያጠራቀመ ሰው ሊያየው መብቱ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን ማን አሸነፈ ቢባል የዛሬውን የሴንት ፒተር አደባባይ ሰልፍ ማየት ይበቃል። ይሁንና ሊቨርን በሙሉ መጣልም ይከብዳል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲፈስ ቦታው እንደነበረ አይቀርም፤ ይህን ኩክ ያሰበበት አይመስልም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በ1871 ፓሪስ ከፕሩሲያ ከበባና ከኮሚዩኑ እልቂት በኋላ ቁስሏ ሳይደርቅ፣ የቱለሪ ቤተ መንግሥትና የከተማው ማዘጋጃ ቤት ተቃጥለው ግድግዳቸው ብቻ ቆሞ ሳለ፣ የኩክ ደንበኞች ፍርስራሹን ለማየት ገቡ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በተገደሉባቸው ጎዳናዎች ማለት ነው። የሌላውን መከራ በቲኬት የማየት ነገር የዘመናችን በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የአሠራሩ ብልሃት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከ1868 ጀምሮ ኩክ የሆቴል ኩፖን ይሸጥ ነበር። ተጓዡ ለንደን ላይ ገንዘቡን ከፍሎ የኩፖን ደብተር ይይዛል፤ ሆቴሉ ሲደርስ ለአልጋው፣ ለቁርሱና ለእራቱ አንድ አንድ ቅጠል ይገነጥላል፤ ባለሆቴሉ ቅጠሎቹን ሰብስቦ ለኩክ ይልክና ገንዘቡን ይቀበላል። ቋንቋ አያስፈልግም፣ የዋጋ ክርክር የለም፣ ሌባም የሚሰርቀው ገንዘብ አያገኝም። በ1874 ደግሞ በየአገሩ የሚመነዘር የጉዞ ሰነድ አወጣ፤ በኋላ ለተስፋፋው የትራቭለርስ ቼክ መንገድ የጠረገ ነው። የባለሆቴሉ ጥቅም ደንበኛ ሳይጠፋ መክረሙ ነበር። ሁሉም ነገር የቆመው ግን የኩክ ፊርማ ያለበት ወረቀት ገንዘብ ነው ተብሎ በመታመኑ ላይ ነው።

በ1869 የመጀመሪያዎቹን ቡድኖች ይዞ ግብጽና ኢየሩሳሌም ሄደ። በ1872 በ63 ዓመቱ ዓለምን ሊዞር ተነስቶ፣ አሜሪካን፣ ጃፓንን፣ ቻይናንና ሕንድን አይቶ በ222 ቀን ተመለሰ። ዡል ቬርን ዓለምን በ80 ቀን ስለ ዞረ ሰው የጻፈው ልቦለድ በፓሪስ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ የወጣው በዚያው ጊዜ ነው።

ሽማግሌው ዓለምን ሲዞር ለንደን ላይ ድርጅቱን የያዘው ልጁ ጆን ነበር። ድርጅቱ ቶማስ ኩክና ልጁ ከተባለ በኋላ ፀባቸው ባሰ። ጆን ሒሳብ አዋቂ፣ ቁጡና ታታሪ ነው፤ በእሱ እምነት አባቱ ንግድ አያውቅም። ቶማስ በድርጅቱ ገንዘብ ሮም ያለውን የባፕቲስት ሚሲዮን ይረዳል፣ ድሃ ተጓዥ ሲያገኝ ዋጋ ይቀንሳል፣ ጉዞውን ከስብከቱ ለይቶ አያየውም። ጆን ደግሞ የሚፈልገው ባለጸጋውን ደንበኛ ነው፤ መኳንንቱን፣ ጄኔራሎቹን፣ የሕንድ መሳፍንቱን። ፀቡ እየከረረ ሄዶ በ1878 አባት ከሥራው ወጣ፤ ዓመታዊ ጡረታ ተቆረጠለትና ሌስተር ባሠራው ቤት ተቀመጠ። በስሙ ከሚጠራው ድርጅት የወጣው በገዛ ልጁ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የሐዘን ነው። በ1880 አንዲት ሴት ልጁ አኒ ገላዋን ስትታጠብ ከአዲሱ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ በወጣ መርዘኛ አየር ሞተች። በ1884 ሚስቱ ተከተለች። የእሱም ዓይን እየደከመ ሄዶ ታወረ። ዓለምን ለሕዝብ ያሳየው ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረው ምንም ሳያይ ነው። በ1888 ለመጨረሻ ጊዜ ቅድስት አገርን ተሳልሟል። በትውልድ መንደሩ ለድሆች የእምነቱ ተከታዮች ትንንሽ መኖሪያ ቤቶችና ጸሎት ቤት አሠራ። በ1891 ድርጅቱ ሃምሳኛ ዓመቱን በለንደን በታላቅ ግብዣ ሲያከብር መሥራቹ በአዳራሹ አልነበረም። ጁላይ 18 ቀን 1892 በ83 ዓመቱ ሞተ፤ ሌስተር ተቀበረ። ዛሬ በከተማዋ የባቡር ጣቢያ ደጃፍ ሻንጣና ጃንጥላ ይዞ የቆመ ሐውልት አለው።

ጆን ድርጅቱን ግዛት አደረገው። የእንግሊዝን ጦር በናይል ላይ አጓጓዘ፣ ኔፕልስ አጠገብ ወደ ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የሚያወጣውን የገመድ ባቡር ገዛ፣ በ1898 የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ኢየሩሳሌም ወሰደ፤ በማግስቱ ዓመት ሞተ። የጆን ልጆች በ1928 ሸጡት። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ የመንግሥት ንብረትም ሆኖ ነበር፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ሌሊት የቶማስ ኩክ ኩባንያ በ1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ተይዞ ፈረሰ። ደንበኛው ሆቴሉንም በረራውንም በስልኩ ራሱ መያዝ ከጀመረ ቆይቷል። በዚያች ሌሊት ስድስት መቶ ሺህ ያህል ተጓዦች በየአገሩ ነበሩ፤ ከእነሱም 150 ሺህ የሚሆኑት እንግሊዛውያን ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት አውሮፕላን ተከራይቶ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ከፈረሰበት ቀን ቀደም ብሎ፣ ቱኒዚያ ውስጥ አንድ ሆቴል ድርጅቱ ያልከፈለኝን ዕዳ እናንተ ካልከፈላችሁ አትወጡም ብሎ እንግዶቹን በር ዘግቶ እንደያዛቸው ተጓዦቹ ተናግረው ነበር።

በክርክሩ በኩልም አዲስ ነገር አለ። ቬኒስ በ2024 ለቀን ጎብኚዎች የአምስት ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአውሮፓ ኢኮኖሚያዊ ቀጠና ውጭ የሚመጣ ጎብኚ 32 ዩሮ እንዲከፍል ወስኗል፤ የቀጠናው ጎብኚ 22 ዩሮ ይከፍላል።